ጥቁር ልብሴን ሲልቨር ስፕሪንግ አውልቄ

ከአሜሪካ በተመለስኩ ሰሞን የኦፕራሲዮን ክፍል ባልደረቦቼ የጠየቁኝ ስለ ሕንፃውም ስለ መንገዱም አልነበረም። «እዚያ ታካሚ የሚያስተኙት በምንድን ነው?» ነው ያሉኝ። ነርስ እንዲህ ነው፤ ገነት ቢገባ እንኳ መጀመሪያ የሚያየው የመድኃኒት መደርደሪያውን ነው። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ አብዛኞቻችን ያን አገር ሳናየው እንሞታለንና። ስለ መድኃኒቱ እነግራችኋለሁ። ግን መድኃኒቱን ከመጣሁበት ጉዳይ ለይቼ መጻፍ አልቻልኩም። የሄድኩት ታላቅ እህቴን ፀሐይን ከአንጀት ካንሰር ኦፕራሲዮን ላስታምም ነው። ከመሄዴ ሰባት ወር በፊት ታናሽ ወንድማችን ደረጀ ሞቷል። ፀሐይ ግን አልሰማችም።

ደረጀ የሞተው እኔው በምሠራበት ክፍል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ከቡአ በቀር ምንም የለበትም። ቡአ ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ በሚሰጥ መርፌ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፤ ያን ሰሞን ግን መድኃኒቱ አልቆብን ነበር። ስለዚህ ሙሉ ሰመመን ተወሰነ። በሃሎቴን ጋዝ ተኛ፤ ቱቦ ለማስገባት ጡንቻ የሚያላላው ሱክሳሜቶኒየም ተሰጠው። ሊላላ የሚገባው መንጋጋው ተቆለፈ። ከዚያ ሰውነቱ መጋል ጀመረ። ጋዙ ተዘጋ፤ ከካፍቴሪያው ፍሪጅ ቀዝቃዛ ውኃ በባልዲ አመጣን፤ ልብሱን ቀደን አጠብነው። ቀትር ሳይሆን ሞተ። ሰመመን የሰጠው ባልደረባችን ግድግዳውን ተደግፎ፣ «ይኼ በትምህርት ቤት አንድ አንቀጽ የተማርነው ትኩሳት ነው። በዘር ነው የሚመጣው። መድኃኒቱ ዳንትሮሊን ይባላል፤ በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አለኝ።

ለእናታችን «ልቡ ነው» አልናት። ፀሐይ ያን ሳምንት ካንሰሩ ተነግሯት ሕክምና ልትጀምር ስለነበር ዘመድ ተሰብስቦ «መርዶው ይቆይ» አለ። ስልክ ደውላ «ኦፕራሲዮኑ እንዴት ሆነ?» ስትል «በሰላም አለቀ» የተባለችው በዚያው ቀን ነው። የደረጀ ስልክ እኔ እጅ ቀረ። ሰባት ወር ሙሉ በደረጀ ስም መልእክት የምጽፍላት እኔ ነበርኩ።

ረቡዕ

አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት እግራቸው ስላበጠ ጭኔ ላይ አስቀምጬ አሸሁላቸው። ጥቁር ልብሴን አይተው፣ «የማን ነው ልጄ?» አሉ። «የወንድሜ» አልኳቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱልኝ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እንደልቤ ያለቀስኩበት ቦታ ስላልነበረ ያን መቀመጫ አልረሳውም።

ሲደረስ ፈታሹ የእናቴን በርበሬ ከፍቶ አሸተተና ደጋግሞ አነጠሰ። እንባውን እየጠረገ በእጁ «ሂጂ» አለኝ። ውጭ የጠበቁኝ ጋሽ ንጉሤና ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። ጋሽ ንጉሤ የአገራችን ልጆች እድር ሊቀመንበር ናቸው፤ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። ወይዘሮ አልማዝ ሳሙኝና ልብሴን በጣታቸው ያዝ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይኼን ለብሰሽማ እሷ ቤት አትገቢም።»

ለካ ለፀሐይ የነገሯት ዓርብ እንደምገባ ነው። ሁለቱ ቀን እኔን ለማሰናዳት የተያዘ ነበር። ሐዘን ፊቴ ላይ እንዳይታይ ማለት ነው።

ከአየር ማረፊያው እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ ዛፍ በዛፍ ነው። ዋሽንግተን ሲባል ፎቅ ብቻ የጠበቅኩ ሴት፣ ከኛ አገር ተራራ ይልቅ ደን እዚያ አየሁ። ያሳደሩኝ ከቤቱ ሥር ባለው ክፍል ነው፤ ቤዝመንት ይሉታል። አልጋው የተነጠፈ፣ ፎጣው የታጠፈ፣ ራስጌው ላይ ውኃና ሙዝ። እንዲህ ያለ መስተንግዶ በሐዘኔ ጊዜ ከቅርብ ዘመድም አላገኘሁም። ወይዘሮ አልማዝ ከሥራ መጥተው ገና ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ሽሮ አሞቁልኝ፤ ስበላ ቆመው አዩኝ።

ሐሙስ

ወይዘሮ አልማዝ ከሥራ ቀርተው ልብስ ሊገዙልኝ ወሰዱኝ። ቢጫ ሹራብና አበባ ያለበት ቀሚስ መረጡ። መስታወት ፊት ስቆም ራሴን ጠላሁት። ከዚያ ፀጉር ቀረ፤ ደረጀ የሞተ ጊዜ ተቆርጬው ገና አጭር ነው። ዊግ የሚሸጡባት ሱቅ ገብተን ሦስት አስሞከሩኝ። የመጀመሪያው ሲጠለቅልኝ ሻጯ «ቆንጆ» ለማለት አውራ ጣቷን አወጣች፤ ወይዘሮ አልማዝ ደግሞ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ እያለቀሱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለት የእድሩ ሽማግሌዎች መጡ። ውሳኔያቸው የተጠና ነው። የሚቀጥለው ሐሙስ ኦፕራሲዮን ትሆናለች፤ ስትጠነክር፣ ከአርባ ቀን በኋላ፣ በማለዳ ካህን ይዘው ሄደው በደንቡ ያረዷታል። እኔም ተራዬን ጠብቄ ተናገርኩ።

«የገደለው እኮ ሰመመኑ ነው። የእሷም ደም ያው የእሱ ደም ነው። ያንኑ ጋዝ ያንኑ መርፌ ቢሰጧትስ?»

ጋሽ ንጉሤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለሐኪሙ ለብቻው ትነግሪያለሽ። ምንድን ነው ችግሩ? አንቺ ባለሙያ ነሽ።»

እውነት መሰለኝ። እኛ ዘንድ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠብቄ፣ «ዶክተር፣ አንዴ» ብዬ ጉዳዬን እጨርሳለሁ። የሚያውቀው አስታማሚ ነው፤ ታካሚው አይሰማም። ስንት ሰው ካንሰሩን ሳያውቅ እጃችን ላይ እንዳለፈ ታውቃላችሁ። አሜሪካም ኮሪደር አይጠፋም ብዬ ተጽናናሁ።

ዓርብ

ጋሽ ንጉሤ ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ፀሐይ ወደምትኖርበት አሌክሳንድሪያ ሲወስዱኝ እንደ ተማሪ ጠየቁኝ።

«ደረጀ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ፈጠንሽ። ደህና የሆነ ሰው ወሬ አለው። ትንሽ ስሞታ ጨምሪበት። ስሞታ የሚጠረጥር ሰው የለም።»

ሰውየው ክፉ አይደሉም። ስንት መርዶ ይዘው ስንት በር ያንኳኩ ሰው ናቸው፤ ብልሃቱን ያገኙት ከዚያ ነው። ሰፊውን ወንዝ በድልድይ ስንሻገር ሁለቴ ደገምን። በሦስተኛው፣ «በቃ፣ አልፈሻል» አሉኝ።

የፀሐይ ቤት ከረጅም ፎቆች አንዱ ውስጥ ነው። ሻንጣ ይዤ ቀድሜ ልውጣ ብዬ ከሊፍቱ በማላውቀው ፎቅ ወረድኩ። በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሰው ድምፅ የለም። የሌላ ሰው በር ሳንኳኳ አንዲት የአገራችን ልጅ ብቅ አለች። ማን እንደሆንኩ ሳትጠይቅ ሻንጣዬን ተቀብላ እስከ እህቴ በር አደረሰችኝ፤ ተመልሳም ብርቱካን አመጣች። እኛ ሰፈር ቢሆን የመምጣቴ ወሬ ከእኔ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

ፀሐይ በሩን ስትከፍት በክንዷ ውፍረት ነው የለየኋት፤ ማለት ውፍረት ባለመኖሩ። ሳመችኝ፤ ዊጉን ነካ አድርጋ፣ «አማረብሽ፣ ሰብለ» አለች። ገና ሳልቀመጥ፣

«ያ ሰነፍ እንዴት ነው?»

«እሱን ተይው እቴቴ። ከእንቅልፉ የሚያስነሳው ሰው የለም፤ እናታችንን አስመርሯታል።»

ከልቧ ሳቀች። አምስት ዓመት ሳንገናኝ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፈትኩና ፎጣ አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ሰኞ

ቅዳሜና እሑድን ዘልያቸዋለሁ። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ዋሸሁ።

ሰኞ ለቅድመ ምርመራ ሆስፒታል ሄድን። ባልደረቦቼ ሆይ፣ የጠየቃችሁኝ ይኸው። ክፍሉ ውስጥ የምትጠይቀው ነርስ እንደኛው ነርስ ናት፤ ሥራዋ ግን ታካሚው ከመተኛቱ በፊት ሁሉን መጠየቅ ብቻ ነው። አስተርጓሚዋ ስክሪን ላይ ነች፤ ሌላ ከተማ ቁጭ ብላ መጽሐፍ የመሰለ አማርኛ ትናገራለች። ነርሷ አራቱን የማደንዘዣ መንገድ አስረዳቻት። ቁስሉ ያለበትን ብቻ ማደንዘዝ አለ፤ ከወገብ በታች ማደንዘዝ አለ፤ እየሰሙ የሚያንቀላፉበት ቀለል ያለ ማረጋጊያ አለ፤ ለአንጀት ግን የሚሆነው አራተኛው፣ ሙሉ ሰመመን ነው። ወተት የመሰለው ፕሮፖፎል ያስተኛል፤ ጋዝ ያቆያል፤ ፈንታኒል ሕመሙን ይወስዳል፤ የጡንቻ ማላሊያም አለው። እኛ በኬታሚንና በሃሎቴን ለሁሉ የምንደርስ ሰዎች፣ እዚያ ለእያንዳንዱ ሰው እየመረጡ ነው። ቀናሁ። ከዚያ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«ከሥጋ ዘመድዎ መካከል በሰመመን ምክንያት ችግር የደረሰበት፣ ከፍተኛ ትኩሳት የያዘው ወይም የሞተ ሰው አለ?» አለች አስተርጓሚዋ።

«ኧረ የለም፣ ተመስገን!» አለች ፀሐይ። «እንዲያውም ወንድሜ በቅርቡ ቡአ ኦፕራሲዮን ተደርጎ፣ ምንም ሳይሆን በሰላም ነው የተነሳው። ይቺ እህቴ የኦፕራሲዮን ነርስ ናት፣ እዚያው ነበረች። ጠይቋት።»

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። አስተርጓሚዋ፣ «እህትየዋ ያረጋግጣሉ?» አለች።

«አዎ» አልኩ።

ነርሷ ጻፈችው። ኮምፒውተሩ ላይ የጣቷን ድምፅ ሰማሁ። ዝም ብል እንኳ ዝምታ ነበር፤ እኔ ግን በባለሙያ አፌ መሰከርኩ። ሃያ ዓመት ለታካሚ ደኅንነት ቆሜያለሁ የምል ሴት፣ የወንድሜን ሞት የእህቴ ጤና ማስረጃ አድርጌ አስመዘገብኩ። ኮሪደር ላይ ነርሷን ተከትዬ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ «ማይ ብራዘር» ብዬ ስጀምር ፀሐይ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «ምን ረሳሽ?» አለች። «ምንም» አልኳት።

ማክሰኞ

እንግሊዝኛ ያለው ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ ያለችው የፀሐይ ልጅ ሳሮን ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከፎቁ ሥር ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ አሥር ማሽን በአንድ ላይ ይጮኻል። እዚያ ወሰድኳትና ነገርኳት። እሷም መርዶ አልሰማችም ነበር፤ ይህን ሳላስብ ነው የነገርኳት።

«ዌይት፣ ዌይት» አለች። «አንክል ዴሬ ሞቷል? ላስት ዊክ እኮ ቴክስት አደረገኝ! ሃፒ በርዝደይ አለኝ!»

«እሱ እኔ ነበርኩ፣ ሳሮንዬ።»

እጇን ከእጄ አወጣች። እርጥብ ልብሱን ማሽኑ ላይ እንደያዘች ቆመች። ያለቀሰችው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ተቆጣች።

«አንቲ፣ ዚስ ኢዝ ሄር ባዲ፣ የራሷ ሰውነት እኮ ነው። ኦማይጋድ። ለማሚ መንገር አለብሽ። ቱዴይ።»

«መጀመሪያ ለሐኪሙ።»

እዚያው ሆና ሆስፒታሉ ደወለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሰመመን ሐኪሟ ራሷ ደወለች። ሳሮን አስተረጎመች። ሐኪሟ ስለ ደረጀ ጠየቀችኝ፤ መንጋጋው መቼ ተቆለፈ? እጅና እግሩስ ደረቀ? ሽንቱ ምን መልክ ነበረው? «እንደ ጠላ ጠቁሮ ነበር» አልኩ፤ ሳሮን «ጠላ» የሚለውን መተርጎም አቃታት። ከሞተ ጀምሮ እንዴት እንደሞተ አንድ በአንድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስመልስ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሐኪሟ አመሰገነችኝ። ጋዙንም ያንን ጡንቻ ማላሊያ መርፌም አትሰጣትም፤ ማሽኑ ከጋዝ ይጸዳል፤ እስከ መጨረሻው በደም ሥር በሚገባ ፕሮፖፎል ትተኛለች። እኔም እናቴም ብንታከም ይህንኑ እንድንናገር አዘዘችኝ። ደስ ብሎኝ፣ «ለእሷ አትንገሪብን ብቻ» አልኳት።

ሳሮን መልሱን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። «ሺ ሴይስ፣ አይሆንም። ማሚ ሳይን የምታደርገው ፔፐር ላይ ሪዝኑ መጻፍ አለበት። ውሸት ላይ አላስተኛትም ትላለች። እስከ ሐሙስ ጠዋት ፋሚሊው ቢነግራት ይሻላል፤ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ አለች።»

ረቡዕ

ጋሽ ንጉሤ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጡ። ፀሐይ አንጀቷ እንዲጸዳ የሚጠጣውን እየጠጣች ስለነበር ሳሎን ለብቻችን ነበርን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ነገ ቢላዋ ለሚጠብቃት ሰው ዛሬ መርዶ? ይኼ የማን አገር ደንብ ነው? ደሟ ይረበሻል። እኔ አላደርገውም፣ ልጄ። ቁርጥ።»

«እኔስ ምን ላድርግ ጋሽዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። ሁልጊዜ ብልሃት የማይጠፋቸው ሰውዬ ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዞሩ ነበር። ሲሄዱ በሩ ላይ ግንባሬን ሳሙኝ።

ያን ቀን ሦስት ጊዜ ልነግራት ሞከርኩ። መጀመሪያ እግሯን ሳሽላት፤ ደከመኝ አለች። ቀጥሎ ሾርባ ስሰጣት። ሦስተኛው ላይ እሷው ቀደመችኝና፣ «ሰብለ፣ አንቺ ስላለሽ አልፈራሁም» አለችኝ። ብርድ ልብሷን አስተካከልኩላት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ እንዲደርስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።

ሐሙስ

ጠዋት ሆስፒታል ገባን። ሐኪሟ አጭር ሕንዳዊት ሴት ናት። ከመጋረጃው ጀርባ ወስዳ አንድ ጋሪ ከፍታ አሳየችኝ። ዳንትሮሊን። ሣጥን ሙሉ ጠርሙስ፣ በረድፍ የተደረደረ። የአገልግሎት ቀኑ ባለፈ ቁጥር ይጣልና አዲስ ይተካል፤ ማንም ሳይነካው ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ምን አየሽ ለምትሉኝ፣ እሱን ነው ያየሁት። አንዱን ጠርሙስ በእጄ ያዝኩ፤ ቀላል ነው፤ ዱቄት ነው። ለደረጀ ደርሶ ቢሆን ዛሬ ከእንቅልፉ የሚያስነሳው ያጣ ሰነፍ በሆነ ነበር።

ከዚያ ሐኪሟ ወደ መጋረጃው አየች። ጊዜው አልቋል ማለቷ ነው።

ፀሐይ የሆስፒታሉን ቀሚስ ለብሳ፣ ክንዷ ላይ መርፌው ገብቶ ተቀምጣለች። ካህን የለም፤ ሽማግሌ የለም፤ ወዲህና ወዲያ የሚይዟት ሴቶች የሉም፤ ሳሮንና እኔ ብቻ። ዊጉን አወለቅኩ። ሌላ መናገሪያ መንገድ አላወቅኩም። አጭሩን ፀጉሬን አይታ ለአፍታ የገባት አልመሰለኝም፤ ከዚያ እጇ አፏ ላይ ሄደ።

«እናቴ?»

«አይደለም።»

«ማን?»

«ደረጀ። በኦፕራሲዮኑ ቀን። ሰመመኑ ነው እቴቴ፤ በዘራችን አለ፤ አንቺም እንዳይደርስብሽ ብዬ ነው...»

አልጮኸችም። የልብ ምቷን የሚቆጥረው መሣሪያ ነው የጮኸላት፤ ነርስ ሮጣ ገባች። ፀሐይ ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም።

«ማን ነበር አጠገቡ?»

«እኔ።»

«ከዚያ ወዲህ ይጽፍልኝ የነበረውስ?»

«እኔ።»

ሐኪሟ በሳሮን በኩል ሁሉን አስረዳቻት፤ ያኛው መድኃኒት እንደማይሰጥ፣ ማሽኑ እንደጸዳ፣ ጋሪው አጠገቧ እንደሚቆም። ፀሐይ እስኪያልቅ አዳመጠች። ከዚያ ክንዷን ዘረጋች፤ «ይኼን ንቀሉልኝ» አለች። «ወንድሜን አልቅሼ ልቅበር።»

ኦፕራሲዮኑ ተሰረዘ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት

ሦስት ቀን ልቅሶ ተቀመጥን። እኛ አገር ቢሆን ድንኳን ይተከላል፤ ሰፈር ይነቃል። እዚያ ሰው ከሥራ ወደ ሥራ ሲሄድ ነው የሚደርሰው፤ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ምግብ በትሪ ሸፍኖ። ከታች ያለው ጎረቤት እንዳይከስ ተብሎ ሴቶቹ ትራስ አቅፈው በትራሱ ውስጥ አለቀሱ። ያቺ ብርቱካን ያመጣችልኝ ልጅ ሦስቱንም ቀን ዕቃ አጠበች። ወይዘሮ አልማዝ ጥቁር ልብሴን አጥበው ተኩሰው አመጡልኝ። ፀሐይ ሰው ሁሉ ሲያቅፋት ታለቅሳለች፤ እኔ ስቀርባት ግን ታቆማለች።

ሐኪሞቹ ሌላ ቀን ሰጡ። ዕጢው ብዙ አይጠብቅም፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ መሆን አለበት አሉ። እኔም እንደ ነርስ ገባሁበት፤ ማስረጃ ደረደርኩ፤ ሳሮን ወረቀት አተመች፤ ጋሽ ንጉሤ ካህን ይዘው መጡ። ፀሐይ ጭቅጭቅ አላነሳችም። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብላት ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰብለ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ደረጀ ደህና ነው ስትይኝ አምኜሽ ነበር። ሞቶ ተቀብሮ በአፉ አናግረሽኛል። አሁን ደግሞ ትተኛለሽ፣ ደህና ትነሻለሽ ትይኛለሽ። በምኑ ልለየው?»

ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ያ ሁሉ መድኃኒት፣ ያ ሁሉ ጋሪ፣ ያቺ ደግ ሐኪም ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ የጎደለው የኔ ቃል ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ጨርሼዋለሁ። ቀጠሮው መጣ፤ አልሄደችም።

ባልደረቦቼ፣ እኛ ፎርም ላይም ያቺ የዘመድ ጥያቄ አለች። «የለም» ብለን ሞልተን እናልፋታለን። ጠይቁ። አስታማሚውን ለብቻው፣ ታካሚውንም ለብቻው ጠይቁ። ሰው ሲሞትም ለምን እንደሞተ ለዘመዱ በስሙ ንገሩ፤ «ልቡ ነው» አትበሉ።

ፈቃዴ ሲያልቅ ልመለስ ሆነ። ፀሐይ በሩ ድረስ ወጣች፤ ከመጣሁ ወዲህ በጣም ከስታለች። ይቅርታ ልጠይቅ ስጎነበስ ትከሻዬን ይዛ አቃናችኝ።

«እናታችን አንዱን ቀብራለች» አለች። «እኔን አታሳውቂያት። ኦፕራሲዮን ሆናለች፣ ድናለች በያት። እኔ ካለፍኩም ጻፊላት። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ሊፍቱ ሲዘጋ አላለቀሰችም፤ እኔም አላለቀስኩም።

እናቴ ከጥቁር ልብሷ ሳትወጣ የግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሻንጣዬን እንኳ ሳላወርድ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «ልጄስ? ልጄ እንዴት ሆነች?» አለች።

«ድናለች እማዬ። ቁርጥም አድርገው አወጡላት። አሁንማ ምግብ አልበቃኝ ብላ ሳሮንን አስቸግራታለች።»

እናቴ መሬት ሳመች። ከደረጀ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እልል አለች፤ ጎረቤቱ እልልታዋን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «እንኳን ደስ አላችሁ!» እያሉ አቀፉኝ፤ እኔም አንድ በአንድ፣ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» እያልኩ መለስኩላቸው።